ለሱቅ የተፈታች ሚስት

በከተማችን ባለሱቆች ዘንድ ሚስቱን በሰው ፊት የሚያጣጥል ወንድ ሲገኝ ተቀባብለው የሚወረውሩበት አንድ ተረት አለ። ተረቱ ከጥንትም የነበረ ነው፤ እኛ ሰፈር ግን ባለቤት አለው። ባለቤቱም አቶ ድልነሳው ይባላል።

ድልነሳው ከሚስቱ ከእንጉዳይ ጋር በገበያው ማዕዘን ላይ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ሱቁ የማዘጋጃ ቤት ነው፤ ኪራዩ በድሮ ተመን የቆመ፣ ማንም የማይጨምርበት፣ ተከራዩም እስከሠራበት ድረስ ማንም የማያስለቅቀው። እንዲህ ያለ ሱቅ ያለው ሰው እኛ ዘንድ ርስት እንዳለው ይቆጠራል። ጨርቁን የምትለካው፣ ደንበኛውን በስሙ የምትጠራው፣ ለሙሽራ የሚያምረውን ቀለም የምትመርጠው እንጉዳይ ናት። ድልነሳው ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ወሬ ሲሰልቅ ይውላል።

አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ መናኸሪያው አጠገብ ያሠራቸውን አዲስ ሱቆች በዚያው ርካሽ ተመን በዕጣ ሊያድል መሆኑ ተነገረ። ሱቅ ያለው ቤተሰብ ግን አይመዘገብም። ይህን የሰማ ድልነሳው እየተጣደፈ ወደ ሱቁ ገባ።

«እንጉዳይ፣ እንፋታ» አላት።

መቀሷ ጨርቁ መሀል ቀጥ አለ። «ምን በደልኩህ?»

«ኧረ ምንም! ለወረቀት ነው እንጂ። ይኼኛው ሱቅ በፍቺው በአንቺ ስም ይዞራል፤ እኔ ሱቅ የለኝም ብዬ እመዘገባለሁ። ዕጣው ሲደርሰኝ ተመልሰን እንጋባለን። ሁለት ሱቅ ማለት ነው!»

«ትዳር እኮ ተውሰው የሚመልሱት ድስት አይደለም፣ ድልነሳው።»

«አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ታከብጃለሽ!» ብሎ ሳቀባት።

ፍቺ ያለ ሽማግሌ አያልፍምና ጋሽ ልየው የሚባሉ አዛውንት ሁለቱንም አስቀምጠው ጠየቁ። ድልነሳው ነገሩ እውነት እንዲመስል አንድ ሁለት ነቀፋ አዘጋጅቶ ነበር። አንዴ ምላሱ ከተፈታ ግን ማቆም አቃተው።

«ለቤቱም ለሱቁም አትረባም፣ ጋሽ ልየው! አንዲት ክንድ ጨርቅ ለክታ አታውቅም። እኔ ባልኖርላት ለምና ነበር የምትበላው!»

«አንድ እንኳ ደግ ነገር የላትም፣ ልጄ?»

«አንድም!»

እንጉዳይ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገች። ድልነሳው «ወይ ማስመሰል ስታውቅበት!» ብሎ በልቡ አደነቃት። ምስኪን፣ ያ እንባ የእውነት መሆኑን አላወቀም።

ፍቺው ጸደቀ፤ የማዕዘኑ ሱቅ በእሷ ስም ዞረ። ዕጣውም ወጥቶ ለድልነሳው ደረሰው። የአዲሱን ሱቅ ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ወደ ማዕዘኑ ሱቅ ሲገባ እንጉዳይ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ፣

«ምን ልሽጥልዎ?» አለችው።

«ቀልዱን ተይና መቼ እንጋባ?»

«የምን ቀልድ? አንዲት ክንድ ለክቼ አላውቅም፤ ከዛሬ ጀምሮ እየተማርኩ ነው።»

ድልነሳው ነደደው። ከሰሳት። «ፍቺው የውሸት መሆኑን ስናገር ሁሉም ያልቃል፤ ሁለቱንም ቁልፍ ይዤ ነው የምመለሰው» ብሎ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራ። በቀጠሮው ቀንም አዲስ ኮቱን ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ ችሎት ቆመ።

«የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ፍቺው የይስሙላ ነው! አዲሱን ሱቅ ለማግኘት ብለን ያደረግነው ነው!»

ዳኛዋ ወደ እንጉዳይ ዞሩ። «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ እኔም ለይስሙላ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌ ፊት ያለኝን ከሰማሁ ወዲያ ግን የፈረምኩት ከልቤ ነው።»

ጋሽ ልየውም ተጠርተው በዚያ ቀን የተባለውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መሰከሩ። ዳኛዋ መዝገቡን ከደኑ።

«ፍቺው ይጸናል፤ የማዕዘኑ ሱቅም የእሷ ነው። እርስዎ ደግሞ አዲሱን ሱቅ በሐሰት እንዳገኙት በገዛ አፍዎ ነግረውናል። ቁልፉን ለማዘጋጃ ቤቱ ያስረክቡ።»

ድልነሳው ከችሎቱ ደጃፍ ሮጦ ደረሰባት። «ሱቆቹ ሁለቱም ይቅሩብኝ፣ እንጉዳይ። አንቺ ብቻ ቤታችን ግቢ።»

እንጉዳይ ቆም ብላ አየችው። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ መጨከኑ ለእሷም ቀላል አልነበረም። «ደንበኛ ይጠብቀኛል» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ድልነሳው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ያለቀሰው ለሱቅ አልነበረም። «እንዲህ ያለች ሴት አብራኝ ስትኖር እንዴት ሳላያት ቀረሁ፣ ጋሽ ልየው?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ከአጠገቡ ተቀመጡና፣ «ምን ታደርገዋለህ ልጄ» አሉት፤ «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል።»