የአሰገደች ቄቦችና የጎደለችው ላይሲን

ጠጋ በሉ፤ ይህ ወሬ እየሄደ የሚረዝም ነውና ከኋላ የተቀመጠ እንዳያመልጠው።

ቢሾፍቱ ውስጥ አሰገደች የምትባል ባሏ የሞተባት፣ እጇ ከሥራ የማይቦዝን ሴት ነበረች። አራት ጎረቤቶቿን አሳምና አርባ ጫጩት በማኅበር ገዙ፤ አርባዎቹም በእሷ ግቢ አድገው ቄብ ዶሮ ሆኑ። የመጣያ ጊዜያቸው ደርሶ አለፈ፤ ላባቸው ሳሳ፤ እንቁላል ግን የለም። ሐምሌ ሲጋመስ ሴቶቹ መጡ። አፈ ስሏ አበራሽ፣ "እስከ ፍልሰታ ፍቺ አንድ እንቁላል ካላየን ለሚያርዳቸው እንሸጣለን" አለች። አሰገደች ሌላ አልተመኘችም፤ አንድ እንቁላል ብቻ። ዶሮዎቹ ግን አንጥልም አሉ።

አሰገደች የዶሮ ባለሙያዋን ቶለሹን ጠራች። ቶለሹ አንዷን ቄብ ብብቷ ሥር ይዛ ላባዋን ገለጥ ገለጥ አደረገች።

"ምን ይመግቧቸዋል እትዬ አሰገደች?"

"በቆሎና ከዘይት መጭመቂያ የማመጣውን የኑግ ፋጉሎ። ጠግበዋል እኮ!"

"ጠግበዋል፤ ግን ጎድሏቸዋል። እንቁላል ከፕሮቲን ነው የሚሠራው። ፕሮቲን ደግሞ አሚኖ አሲድ የሚባሉ ሃያ ዓይነት ቅንጣቶች እንደ ጨሌ በተራ በተራ የሚሰኩበት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ሲያልቅ ይታጠፋል፣ ይጠቀለላል፣ ቅርጽ ይይዛል፤ ሥራ የሚሠራውም በቅርጹ ነው። አንዷ ቅንጣት ከጠፋች መሰካቱ እዚያው ላይ ይቆማል። ላይሲን የምትባለውን ቅንጣት ዶሮ ራሷ መሥራት አትችልም፤ ከመኖ ነው የምታገኛት። በቆሎም ፋጉሎም ላይ ላይሲን ጥቂት ናት።"

ላይሲን ካልመጣ ሰንሰለቱ አይሞላም፤ ሰንሰለቱ ካልሞላ ዶሮዎቹ አይጥሉም።

"ላይሲን የት ትገኛለች?" አለች አሰገደች።

"አኩሪ አተር ውስጥ ሞልታለች።"

አሰገደች የዚያኑ ዕለት አኩሪ አተር አምጥታ ልትበትን ስትል ቶለሹ እጇን ያዘቻት። "ጥሬውን አይሆንም! ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ አጥብቆ የተጠቀለለ ሌላ ፕሮቲን አለ። የዶሮዋ ሆድ ምግብ የሚፈታበትን ኢንዛይም ጥርቅም አድርጎ ይይዝባታል። እሳት ሲያገኘው ግን ሰንሰለቱ ሳይበጠስ መታጠፉ ይፈታል፤ ቅርጹን ካጣ ደግሞ መያዝ አይችልም።"

እሳት ካልነካው አኩሪ አተሩ አይፈታም፤ አኩሪ አተሩ ካልተፈታ ላይሲን አይመጣም፤ ላይሲን ካልመጣ ሰንሰለቱ አይሞላም፤ ሰንሰለቱ ካልሞላ ዶሮዎቹ አይጥሉም።

አሰገደች በብረት ምጣድ ቆላችው። ከሥር አረረ፣ ከላይ ጥሬ ቀረ። ቶለሹ አንዷን ፍሬ ነክሳ ራሷን ነቀነቀች። "ያረረው ላይ ላይሲኗም አብራ ተበላሽታለች፤ ጥሬውም እንደተቋጠረ ነው። እኩል የሚቆላ ነገር ያስፈልጋል።"

ቆሎ ሻጩ አቶ ደገፋ እሳት ላይ የሚዞር በርሜል ነበራቸው። አሰገደች ኩንታሏን አሸክማ ስትደርስ በርሜሉ ጥግ ይዞ ተኝቷል።

"ማዞሪያው መዘውር ተሰብሯል ልጄ" አሏት። "ንጋቱ ከበየደልኝ ውሰጂው፤ እንደ ልብሽ አዙሪው።"

መዘውሩ ካልተበየደ በርሜሉ አይዞርም፤ በርሜሉ ካልዞረ እሳቱ እኩል አይነካም፤ እሳት ካልነካው አኩሪ አተሩ አይፈታም፤ አኩሪ አተሩ ካልተፈታ ላይሲን አይመጣም፤ ላይሲን ካልመጣ ሰንሰለቱ አይሞላም፤ ሰንሰለቱ ካልሞላ ዶሮዎቹ አይጥሉም።

በያጁ ንጋቱ መዘውሩን ተቀብሎ አገላበጠውና፣ "ለማን ነው?" አለ።

"ለእኔ" አለች አሰገደች።

መዘውሩን መሬት ላይ አስቀመጠው። "እናቴ ካልፈቀደች ለአንቺ አልበይድም። ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።"

ታውቀዋለች። መዘውሩን አንስታ ወጣች፤ ወደ እናቱ ወደ እትዬ ዘነቡ በሚወስደው መንገድ ሁሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እትዬ ዘነቡ ካልታረቁ ንጋቱ አይበይድም፤ ንጋቱ ካልበየደ መዘውሩ አይጠናም፤ መዘውሩ ካልጠና በርሜሉ አይዞርም፤ በርሜሉ ካልዞረ እሳቱ እኩል አይነካም፤ እሳት ካልነካው አኩሪ አተሩ አይፈታም፤ አኩሪ አተሩ ካልተፈታ ላይሲን አይመጣም፤ ላይሲን ካልመጣ ሰንሰለቱ አይሞላም፤ ሰንሰለቱ ካልሞላ ዶሮዎቹ አይጥሉም።

እትዬ ዘነቡ ጥቁር ለብሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩዋት።

"ባልሽ ሲሞት ሦስት ቀን አብሬሽ መሬት ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ" አሉ። "የእኔው ሰው ሲሞት ግን ደጄን አልረገጥሽም።"

አሰገደች የዶሮዎቹን ነገር ተወችው። እግራቸው ሥር ቁጭ አለች።

"በዚያ ሳምንት ጫጩቶቹ ገቡ። ብርድ ይፈጃቸዋል ብዬ ከአጠገባቸው አልተነሳሁም። ነገ እሄዳለሁ ስል አፈርኩ፤ ባፈርኩ ቁጥር ራቅሁ። ምክንያት አይደለም እትዬ። ጥፋት ነው። ይቅር ይበሉኝ።" ከዚያ ዘግይቶ የመጣ ለቅሶዋን አለቀሰች፤ እትዬ ዘነቡም አብረዋት አለቀሱ።

ብዙ ቆይተው እትዬ ዘነቡ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "ይቅር ለእግዚአብሔር ብያለሁ። ለመሆኑ መዘውር ታቅፈሽ ምን ትሠሪያለሽ?"

አሰገደች አንድም ሳታስቀር በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። ከቀብሩ ወዲህ ጥርሳቸው ያልታየው ሴት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "አርባ ዶሮ እኔን ሲጠብቅ ኖሯል! ተነሺ፣ እንሂድ!"

ሄዱ። እትዬ ዘነቡ ቢታረቁ ንጋቱ በየደ፤ ንጋቱ ቢበይድ መዘውሩ ጠና፤ መዘውሩ ቢጠና በርሜሉ ዞረ፤ በርሜሉ ቢዞር እሳቱ እኩል ነካ፤ እሳቱ ቢነካው አኩሪ አተሩ ተፈታ፤ አኩሪ አተሩ ቢፈታ ላይሲን መጣች፤ ላይሲን ብትመጣ ሰንሰለቱ ሞላ፣ ታጠፈ፣ ተጠቀለለ፣ ቅርጹን ያዘ። ነሐሴ አሥራ አራት ቀን ጠዋት፣ ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አሰገደች ጭዱ ውስጥ እጇን ብትሰድ ትኩስ ነገር ነካች።

ሮጣ ወጥታ የአበራሽ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። አበራሽ እንቁላሉን ወደ ጉንጯ አስጠጋችው፤ ከዚያ እልልታዋን ለቀቀችው። በማግሥቱ ሰባት ሆኑ፤ በፍቺው ዕለት አሥራ ዘጠኝ።

እኔ ያየሁትን አቀበልኩ፤ የቀረውን ዶሮዎቹ ራሳቸው እየጮኹ ያውሩት።