ልጇን በእመቤታችን ስም አደራ ስለ ሰጠች ተማሪ

ምእመናን ሆይ፣ ጆሯችሁን አዘንብሉ፣ የስልካችሁንም ድምፅ አጥፉና የእመቤታችን ምልጃ ለአንዲት ተማሪ እናት ያደረገውን ስሙ።

ስሟ ትርንጎ፣ የክርስትና ስሟም ወለተ ጽዮን የሚባል ሴት በአንዲት ከተማ ኮሌጅ የነርስ ትምህርት ትማር ነበር። እመቤታችንንም አብዝታ ትወድ ነበርና በየማለዳው ጧፍ ሳታበራ፣ የዕለቱንም ውዳሴ ማርያም ሳትደግም ከቤቷ አትወጣም ነበር፤ የረፈደባት እንደ ሆነም የቀረውን በታክሲ ውስጥ ተጣብቃ ትጨርስ ነበር። «ተመርቄ ነጭ ጋዋን የለበስሁ ዕለት ለደጅሽ ጃንጥላ አገባለሁ» ብላም ተስላ ነበር።

ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር ሄደ፤ ከዚያም ስልኩ ተከትሎት ሄደ። ቤዛዊት የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ግን ትቶላት ነበር። የሕፃኗ ትምህርት ቤት በዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል፣ የእናቷም ክፍል በዘጠኝ ሰዓት ይጀምራል፤ ይህን እንዲህ ያመቻቸው ማን እንደ ሆነ አልተጻፈም። ትምህርት ቤቱ ልጆችን እስኪመሽ የሚይዝ ማቆያ ነበረው፤ ክፍያው ግን ከቤት ኪራይዋ ጋር ይፎካከር ነበርና ጎረቤቷ እማማ ዘነቡ ሕፃኗን ይይዙላት ነበር። ከዚያም እማማ ዘነቡ ጉልበታቸውን ታመሙና ጠበል ገቡ፤ ወለተ ጽዮንም ከክፍል መቅረት ጀመረች፤ መምህሩም «የተግባር ፈተናው ካመለጠሽ ትምህርቱን እርሺው» አላት።

በኮሌጁም ልጅ ላላቸው ተማሪዎች የማቆያ ክፍያ የሚደጉም ገንዘብ ነበረ፤ እጅግም የተጠበቀ ገንዘብ ነበር፤ ማንም ነክቶት አያውቅምና። የሚጠብቁትም የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊ አቶ አጥናፉ ነበሩ።

«ኮሚቴው ሲሰበሰብ ይታያል» ይሏት ነበር።

«መቼ ነው የሚሰበሰበው ጋሼ?»

«ምልዓተ ጉባኤ ሲሟላ ነዋ!»

«መቼ ነው የሚሟላው?»

«ሲሰበሰብ ነዋ! ደግሞስ እህቴ፣ ልጅ ማቆየት ምን ሥራ አለው? ቁጭ ብሎ ማየት አይደል? እኛን እናታችን ስምንታችንን ያለ ማቆያ ነው ያሳደገችን።»

እናታቸው ያን ጊዜ በየትኛው ኮሌጅ ይማሩ እንደ ነበር ግን አልነገሯትም።

እኚህም አቶ አጥናፉ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የማርያም ጽዋ ማኅበርተኛ፣ በስሟ ለለመናቸውም እምቢ ማለት የማይሆንላቸው ነበሩ።

የፈተናውም ዕለት ደረሰ። ዕለቱም የወሩ ማርያም ነበረና፣ አቶ አጥናፉም የጽዋው ተረኛ ነበሩና፣ ማኅበርተኛው በቤታቸው ሊሰበሰብ ስለ ሆነ ቦርሳቸውን አንሥተው ሊወጡ ሲሉ ወለተ ጽዮን ሕፃኗን ይዛ በበሩ ቆመች። በመንገድ ሁሉ «እመቤቴ ሆይ፣ ልጅሽን ታቅፈሽ የተሰደድሽ አንቺ ነሽና የእኔን የሚቀበለኝ አንድ ሰው አሳዪኝ» እያለች ስታለቅስ ነበር፤ ከአቶ አጥናፉም በቀር ሌላ ሰው አልታያትም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ድጎማ አልለምንም። በእመቤቴ በማርያም፣ አደራ! ተፈትኜ እስክመለስ ይያዙልኝ» አለችና ሮጠች።

«እንዴ! አንቺ! ነይ እንጂ!» አሉ አቶ አጥናፉ። ነገር ግን በማርያም ስም የተሰጠን አደራ፣ ያውም በጽዋዋ ዕለት፣ እንዴት ጥሎ መሄድ ይቻላል? ተቀመጡ። ሕፃኗንም ውኃ ጠማት፤ ከዚያም ሽንቷ መጣ፤ ከዚያም ማኅተሙን አገኘችና ግድግዳውን በሙሉ አጸደቀች፤ ከዚያም ጭናቸው ላይ ወጥታ ከረባታቸውን ያዘችና «አባባ፣ ፀጉርህ የት ሄደ?» አለቻቸው፤ መልሱም አላረካትም።

እርሳቸውም ጨነቃቸውና ወደ ሬጅስትራሯ ደወሉ፦ «ወይዘሮ ብርነሽ፣ እስቲ አንዴ ብቅ ይበሉ፤ ጽዋው ሊያመልጠኝ ነው!» ወይዘሮ ብርነሽም መጥተው ጥቂት ታገሉና የፋይናንሱን ሰው ጠሩ፤ የፋይናንሱም ሰው ፈረስ ሆኖ አንድ ዙር ጋለበና ወገቡን ይዞ ምክትል ዲኑን ጠራ፤ ምክትል ዲኑም የቀሩትን ኃላፊዎች ጠራ። ሕፃኗም ከረባቱን አልለቀቀችም። ሁሉም በአንዲት ክፍል ላብ በላብ ሆነው ሳሉ ወይዘሮ ብርነሽ ዙሪያውን አዩና «በስመ አብ! ኮሚቴው እኮ ሞላ!» አሉ።

እውነትም ከተቋቋመ ጀምሮ ያልተሟላው ምልዓተ ጉባኤ ያለ ጥሪ ደብዳቤና ያለ አበል ተሟልቶ ነበር።

«የሚቃወም አለ?» አሉ አቶ አጥናፉ፣ አንገታቸው ወደ ከረባቱ እንዳዘነበለ።

«ማን ይቃወማል? ቶሎ በሉ እንጂ!» አለ የፋይናንሱ ሰው ወገቡን እያሻሸ።

በዚያችም ሰዓት ልጅ ማቆየት ሥራ እንደ ሆነ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ ለወለተ ጽዮንም እስክትመረቅ ድረስ የማቆያው ክፍያ ተፈቀደላት።

እርሷም ተፈትና እያለከለከች ስትመጣ አቶ አጥናፉን በበሩ አገኘቻቸውና ቁጣቸውን ፈርታ እግራቸው ሥር ልትወድቅ ስትል፣ «ተነሽ ልጄ፤ ከነገ ጀምሮ ማቆያው ይከፈልልሻል» አሏት። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግን እናቴ እኛን ስምንታችንን እንዴት ቻለችን?» አሉና ዕንባቸው መጣ። ጽዋውንም ዘግይተው፣ ከረባታቸው እንደ ተጨማደደ፣ ደረሱበት።

ወለተ ጽዮንም እመቤታችንን አመሰገነች፤ በተመረቀችም ጊዜ ጃንጥላውን አገባች። ኮሚቴው ግን ከዚያ ወዲህ አልተሰበሰበም፤ ሌሎች እናቶችም ይህን ሰምተው የወሩ ማርያም እስኪደርስ ይጠብቃሉ።

የእመቤታችን ምልጃና በረከት ከሁላችን ጋር ይኑር፤ ልጅ ላላችሁ ማቆያ፣ ኮሚቴ ላላችሁም ከረባት የሚይዝ ልጅ ታድላችሁ፤ አሜን።