ውሃው ይሂድ፣ እግር ይቁም

እስካለፈው እሑድ ድረስ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር የዋንዛ በር መንደር ሴት የነበረችውን የአንጓችን ታሪክ ለስንት ክፍል ተማሪ ተርኬያለሁ። የማን ዘመድ እንደሆነች ግን አንድም ቀን ከአፌ አልወጣም።

እሑድ ዕለት የወንድሜ ሦስት ሴት ልጆች ሊጠይቁኝ መጥተው ምሳ አቀረብኩላቸው። አንዷ "ይሄ ዘይት ካንሰር ያመጣል አሉ" አለች። ሌላዋ "ሙዙንም በመድኃኒት ነው የሚያበስሉት" አለች። ሦስተኛዋ ዶሮውን በጣቷ ገፋ አደረገችው። ምግቡ ፊታቸው ቀዘቀዘ። ያን ጊዜ የአንጓችን ታሪክ ጀመርኩላቸው።

ድሮ፣ የእህል ስሙ ጥቂት በነበረበት፣ ሰውም በአባቱ ስም እንጂ በመታወቂያ ወረቀት በማይታወቅበት ዘመን፣ ዋንዛ በር በምትባል መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። በሰው ቤት እህል ፈጪ ነበረች። ባል የላትም። በሬ የላትም። ያላት ዘርፌ የምትባል የሟች እህቷ ልጅ ብቻ ናት። ግራ እግሯን በአንድ የረሃብ ዓመት ጓያ ሰብሮታል። ጓያ ሌላው ሰብል ሁሉ ሲደርቅ ብቻውን አረንጓዴ የሚሆን እህል ነው፤ በረሃብ ጊዜ እሱን ብቻ ሲበላ የሚከርምን ሰው ግን እግሩን ያስረዋል። ስለዚህ አንጓች በዱላ ትሄዳለች።

የዋንዛ በር ሰዎች ጓያን አጥብቀው ይፈሩት ነበር። ሲቀቀል እንፋሎቱ እንዳይመታቸው አፍንጫቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ገለባው ላይ አይተኙም። ላብ እያላባቸው በማሳው መሃል አያልፉም። ይህን ሁሉ ተጠንቅቀው ሲያበቁ፣ ቁጭ ብለው ጓያውን ይበላሉ።

አንጓች የሁሉንም ቤት ወፍጮ ታውቃለች። እየፈጨች ታያለች። በአንዱ ቤት እግር ይሰበራል፣ በሌላው ቤት አይሰበርም። እንፋሎቱ እኩል ነው። ገለባው እኩል ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። አንዲት ጽዳት የምትወድ ባልቴት ጓያውን ዘፍዝፋ ታሳድርና ጠዋት ውሃውን ትደፋለች። ደግማ ትዘፈዝፋለች፣ ደግማ ትደፋለች። አድርቃ፣ ከገብስ ቀላቅላ ታስፈጫለች። "ይሸተኛል" ትላለች እንጂ ሌላ ምክንያት አታውቅም። የዚያ ቤት ልጆች ሁሉ ይሮጣሉ።

ዝናብ በቀረ በሁለተኛው ዓመት ከጓያ በቀር እህል ጠፋ። የአንጓች የመጀመሪያ ፈተና መናገር ነበር፤ ዓይን አፋር ነበረችና። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ከደጁ ቆማ "ዘፍዝፉት፤ ውሃውን ድፉት" አለች። ያዛቸው የሚባል ብዙ በሬ ያለው ሰው ነበር። "አንጓች፣ ለራስሽ እግር ያልሆነ ምክር ለእኛ እግር ይሆናል?" አላት። ሰው ሳቀ። እሷም መሬት መሬት እያየች፣ "ጌታው፣ ገደሉን የሚያውቀው የወደቀበት ነው" አለች። አለችና ሄደች።

ሁለተኛው ፈተና ውሃ ነበር። ምንጩ ደርቋል፤ ውሃ ያለው ከገደሉ በታች ወንዙ ዘንድ ነው። "በድርቅ ዓመት ውሃ መድፋት ግፍ ነው" አሉ ሴቶቹ። አልተሳሳቱም። አንጓችም አልተከራከረቻቸውም። እንስራዋን አዘለች። በዱላዋ ወረደች፣ በዱላዋ ወጣች። ለአንድ ጎረቤት ዘፈዘፈች። በማግስቱም ወረደች፣ ወጣች። ለሌላ ጎረቤት ዘፈዘፈች። ያዛቸው በደጁ ስታልፍ አይቷት፣ "በዚህ እግርሽ ወንዙን ልትጨርሽው ነው?" አላት። "ወንዙስ መች እግር አለው ጌታው፤ ይኸው ይሄድ የለ" አለችው።

ሦስተኛው ፈተና ከሁሉ የከፋው ነበር። ዘርፌ ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ለሷ የተዘፈዘፈው ጓያ ገና አንድ ውሃ ይቀረዋል። አንዲት ጎረቤት አዝና ትኩስ የጓያ ንፍሮ ይዛ መጣች፤ ያልተዘፈዘፈ ነው። ልጅቷ እጇን ዘረጋች። አንጓች ሳህኑን ወሰደችባት።

"ነገ" አለቻት።

"አንቺ ክፉ ነሽ።"

"አዎ ልጄ። እስከ ነገ ክፉ ነኝ።"

ከዚያ ለዘር የሸሸገችውን አንድ እፍኝ ገብስ አውጥታ ቆላች። አንድ ፍሬ ሰጠቻት። "አላምጪው፤ አትዋጪው" አለቻት። "እስከ መቼ?" አለች ልጅቷ። "እስኪጣፍጥሽ።" አላመጠች፤ ገብሱ አፏ ውስጥ ጣፈጣት። ሁለተኛ ሰጠቻት። ሦስተኛ ሰጠቻት። እፍኙ እንዲህ እየተባለ እስከ ማታ ቆየ። አንጓች ራሷ አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም።

ዝናብ መጣ። በዚያ ክረምት በዋንዛ በር ብዙ እግር ተሰበረ፤ የያዛቸው የበኩር ልጅም ተሰበረ። አንጓች ውሃ የቀዳችላቸው ግን በእግራቸው እርሻ ወጡ። ያዛቸው ከደጇ መጥቶ ቆመ። እሷም እንስራውን አሳየችው። አዘለና ወደ ወንዙ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ጓያ የሚዘፈዝፍ ሰው የፊተኛውን ውሃ ከደጃፉ ያፈስሳል። ሲያፈስስም "ውሃው ይሂድ፣ እግር ይቁም" ይላል። የማይጎዳውን እየፈራ የሚጎዳውን የሚውጠውንም "እንፋሎት ሸሺ" ይሉታል።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነበር የማቆመው። እሑድ ግን ቀጠልኩ።

"ዘርፌ የእናቴ አያት ናት" አልኳቸው። "ተማሪ ሳለሁ አንዷ ልጅ 'ከሰባራ ዘር ጋር አይጋቡም' ስትል ሰማሁ። አስተማሪያችን 'ከአንጓች ወገን እዚህ ማን አለ?' ሲሉ ዝም አልኩ። ዝምታ ደግሞ ይለመዳል። ጤና ጣቢያ ስኳር አለብሽ ካሉኝ ዓመት አለፈኝ፤ ለእናንተም ዝም አልኩ። ለስኳር ይበጃል ሲሉ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት ገዛሁ። ጥቁር አዝሙድ ገዛሁ። እናንተ የምትፈሩትን ዘይት እኔም ሦስት ጊዜ ለወጥኩ። ሻዬ ውስጥ የምጨምረውን ሦስት ማንኪያ ስኳር ግን አልነካሁትም።"

ትንሿ፣ "አክስቴ፣ ስኳሩን እኮ እዚህ ቤት አይቼው አላውቅም። የት ነው የምታስቀምጪው?" አለችኝ።

"ከመዝገበ ቃላቱ ኋላ።"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን እስከዚያ ቀን የደበቅሁትን ነገርኳቸው። ግራ እግሬ ከደነዘዘ አራት ወር ሆኖታል። አውራ ጣቴ ሥር የማያመኝ ቁስል አለ። ነርሷ "እማማ፣ ጫማዎን ያውልቁልኝ" ስትለኝ አፍሬ፣ "እግሬ ደህና ነው" ብያት ወጥቻለሁ። አንጓች ያን ሁሉ ገደል የወጣችው ለዚህ እግር ነበር።

ከዚያ ትልቋ እንጀራውን ቆርሳ፣ ዶሮውን ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ቀስ ብዬ አላመጥኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሻዬን ያለ ስኳር ጠጣሁና ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያችው ነርስ ነበረች። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሳትጠይቀኝም ጎንበስ ብዬ የግራ ጫማዬን ማሰሪያ ፈታሁ።