የአያ ጃርት የክረምት መድኃኒት

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ የላም በረታችሁን ክፈቱልኝ።

ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ፣ አያ ጃርት የሚባል ሰነፍ ድንቹን ጉድጓዱ ውስጥ አከማችቶ ተኛ። ሲተኛ ሲተኛ ጉልበቱ ተሳሰረ፤ ያለ ምክንያትም ሆድ ይብሰው ጀመር።

ብልጧ እመት ጦጢት ከዝናቡ ሸሽታ ገባችና፣ «መድኃኒትህ ኮረብታው አናት ላይ ያለው ቅጠል ነው። በየማለዳው ራስህ ካልቆረጥከው ግን አይሠራም። ቤቱን እኔ እጠብቅልሃለሁ» አለችው።

ጃርት በየማለዳው ኮረብታውን ይወጣል፤ ብልጭ የምትለዋን ፀሐይ ሞቆ፣ ከቆቆች ጋር አውግቶ ይመለሳል። ጦጢት ድንቹን እየበላች ትተኛለች።

መስከረም ሲጠባ የጃርት እሾህ ያብረቀርቃል። ጦጢት ግን ድንቹን ጨርሳ፣ ወገቧን ይዛ ታቃስታለች።

«አያ ጃርት፣ እባክህ ያን ቅጠል አምጣልኝ።»

«ራስሽ ካልቆረጥሽው አይሠራም» አላት ጃርት። «ቤቱን እኔ እጠብቅልሻለሁ።»