በሬው የሚያድርበት ቤት

አንድ ገበሬ ነበረ። ሁለት በሬ፣ አንድ ታላቅ ወንድም፣ ሦስት ልጆችና ሊፈታት ያሰባት ሚስት ነበሩት። የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም የዝና፤ መጀመሪያ የዚህን ሰው ጉድ ስሚ።

በሬዎቹ ከአባታቸው የወረሷቸው፣ የሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። በጋራ ያርሱባቸዋል፤ ምርቱን አውድማ ላይ እኩል ይካፈላሉ። በሬዎቹ ግን አንድ ዓመት በታላቁ ቤት፣ አንድ ዓመት በታናሹ ቤት ያድራሉ። ታዲያ በዚያ አገር ደንብ አለ። ክፍፍሉ ሳይጀመር በሬዎቹ ለዓመት የሚበሉት ገለባ ለብቻው ይከመርና ወደሚያድሩበት ቤት ይጋዛል። ከማንም ድርሻ አይታሰብም። ይህን ደንብ ልጣስ ያለ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ አልተወለደም።

ሚስቲቱ ከሰውየው ጋር ዐሥራ አራት ዓመት ኖራለች። አርማለች፣ አጭዳለች፣ ቤቱ ሲሠራ ጭቃውን በእግሯ ረግጣለች። የእሷ ድርሻ የሚታወቀው እሱ ከወንድሙ ከተካፈለ በኋላ ነውና ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት እዚያው አውድማው ዳር ነበር። ሰውየው አፉን ሞልቶ ተናገረ። ንብረቱ እኩል ለሁለት ይከፈል፤ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ይሁኑ፤ የሚበሉትም ከእናታቸው ድርሻ ይሁን። ግማሹን ወስዳ ደግሞ የልጆች ቀለብ ካለች፣ ያ በልጆች ስም ራሷ የምትበላው ነው አለ። ሚስቲቱ ከጠዋት ጀምሮ፣ የሁለታችንን ልጆች ለምን ብቻዬን እቀልባለሁ ብትልም፣ ሽማግሌዎቹ ጺማቸውን እየዳበሱ፣ እኩል ከተባለ እኩል ነው አሉ።

እኩል ይሉታል ይህን። በአንድ ወገን አራት አፍ፣ በአንድ ወገን አንድ አፍ፤ ሚዛኑ ግን አልተዛነፈም።

ወረቀቱ ተጻፈ፤ የቀረው የእሷ አውራ ጣት ብቻ ነው። ጸሐፊው ቀለሙን አስጠጋላት። እንቢ ብትል ስግብግብ ልትባል ነው። ጣቷን ብታሳርፍ ልጆቿ ሐምሌን አይዘልቁም። ዓይኗን ከቀለሙ ስታነሣ ሰውየው ለብቻው የከመረውን ገለባ አየች። ዘንድሮ በሬዎቹ የሚያድሩት እሱ ቤት ነው።

ተነሣች። መንሹን አንሥታ የበሬዎቹን ገለባ እየዛቀች ወደ ጋራው ክምር ትመልሰው ጀመር።

«አንቺ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አላት።

«እኩል ተካፈሉ እንጂ። በሬዎቹ አንተ ዘንድ ናቸው፤ ካንተ ድርሻ ይብሉ።»

ሰውየው ደሙ ፈላ። «የሁለታችንን በሬ፣ እኔ ቤት ስላደረ ብቻዬን ልቀልበው? አዛባውን የምዝቅ እኔ፣ ውኃ የማጠጣ እኔ፣ ደግሞ ገለባውም ከእኔ ድርሻ? የት አገር የተሰማ ግፍ ነው?»

ታላቅ ወንድሙ ሳቁን መዋጥ አቅቶት ፊቱን አዞረ። ሴትየዋ መንሹን መሬት ላይ ተከለችው።

«እኔ ጠዋት ሙሉ ይህንኑ ስናገር ማንም አልሰማኝም» አለች። «አንተ ስትለው ግን ሰሙህ።»

ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ትልቁ ወረቀቱን ከጸሐፊው ተቀብለው ቀደዱት። «በሬ ባያስተምረን ኖሮ አስፈርመን ልንሄድ ነበር» አሉ። ከዚያም እንደ አዲስ አስጻፉ፤ በመጀመሪያ የልጆቹ ቀለብ ከጋራው ይነሣ፣ እስኪያድጉም አባትየው በየዓመቱ እየሰፈረ ያምጣ፣ የቀረው ከዚያ በኋላ እኩል ይከፈል ብለው።

እንግዲህ የዝና፣ ባልሽ የቤቱን ግማሽ ከወሰድሽ የልጅ ቀለብ አትጠይቂ ቢልሽ፣ «ሁለቱንም መፈለጌ ስግብግብነት ይሆን?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። የቤቱ ግማሽ የላብሽ ነው፤ እንደ ገበሬው ወንድም ድርሻ ነው። ቀለቡ ግን ሲጀመርም ያንቺ አይደለም። እንደዚያ ገለባ የሁለታችሁ ዕዳ ነው፤ አንቺ ልጆቹ የሚያድሩበት ቤት ነሽ። ልጆቹ አንቺ ዘንድ ስላደሩ አባታቸው አባትነቱ አልቀረለትም። ለበሬው የሚያውቀውን ደንብ ለልጁ ሲሆን የሚረሳ ሰው ይፈር እንጂ፣ አንቺ በምን ዕዳሽ ታፍሪያለሽ? ስለዚህ ዳኛው ፊት ስትቆሚ አንገትሽን አትድፊ። ደንቡን በገዛ አፉ እስኪናገረው ድረስ መንሹን ከእጅሽ አትጣዪ።