የማያምዎት የት ነው?

አንድ ቸኮል የሚባል ኮርቻ ሠሪ ነበር። ሚስቱ ስለሞተችበት ብቸኛ ልጁን ትርንጎን ያሳደጋት እሱ ነው። ገበያ ሲሄድ ትከሻው ላይ ያስቀምጣት ነበር። ካደገች በኋላም ከጎኑ አትጠፋም።

አንድ ክረምት ጭኑን ያሳክከው ጀመር። ቆየት ብሎ ቆዳው እሳት እንደነካው ውሃ ይቋጥር፣ ይፈነዳ፣ ይቆስል ጀመር። ከጭኑ ወደ ጉልበቱ፣ ከዚያ ወደ ሆዱና ወደ ክንዱ ዘለቀ። ጎረቤቶቹ "ተላላፊ ነው" አሉ፤ "እርግማን ነው" ያለም አልጠፋም። ኮርቻ የሚያሠራው ሰው ቀረ። እሱ ግን ያስጨነቀው ይህ አልነበረም። "ልጄ ላይ ይጋባል" ብሎ ፈራና ጓዳ ገብቶ ዘጋ። ምግቡን በር ላይ አስቀምጣ ስትሄድ ወጥቶ ያነሳል። ከግድግዳው ወዲያ ስታንጎራጉር ሲሰማ እንባው ይመጣል። እሷም ባዶውን ሳህን ስታነሳ፣ እጁ የነካው መስሎ የሚሰማትን ጠርዝ ይዛ ትቆያለች።

በመጨረሻ ለምና፣ ተቆጥታም፣ ከተማ ወዳለ የቆዳ ሐኪም ወሰደችው። ሐኪሙ ከቁስሉ አጠገብ ትንሽ ቆዳ ወስዶ አስመረመረ።

"አባቴ፣ ይህ በሽታ አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም" አለው። "ሰውነትዎ በሽታን የሚከላከልበት አቅም ተሳስቶ የራስዎን ቆዳ እያጠቃ ነው። መድኃኒት አለው፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። ተሻለኝ ብለው በራስዎ እንዳያቋርጡ።"

"ታዲያ ልጄን ማቀፍ እችላለሁ?"

"ይችላሉ። እርስዎን ያምዎት ይሆናል እንጂ እሷን ምንም አይነካትም።"

ቸኮል መድኃኒቱን ጀመረ፤ ከጓዳም ወጣ። ቁስሉ ግን ቶሎ አልደረቀም፤ ልብስ እንኳ ሲነካው ቆዳው ይላጣል። አንድ ቀን ትርንጎ ልታቅፈው ስትጠጋ ሳያስበው "ኧረ ተይ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ እሷ "አሳምማቸዋለሁ" ብላ ራቀች፤ እሱም "ተጸየፈችኝ" ብሎ አልቀረባትም። አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ተነፋፈቁ።

የሠርጓ ቀን ደረሰ። ሙሽራው የሩቅ አገር ሰው ነው። ሙሽራ የአባቷን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው የምትወጣው፤ የቸኮል ጉልበት ደግሞ ገና ቁስል ነው። እንግዳ እንዳያየው ብሎ እልፍኝ ውስጥ ተቀመጠ።

"መንገዱ ሩቅ ነው፤ አባትሽ ከእልፍኙ በር ላይ ሆነው ይመርቁሽ" አሉ ሽማግሌዎቹ።

ትርንጎ መልስ ሳትሰጥ ገባችና ፊቱ ተንበረከከች።

"አባባ፣ ሰው ሁሉ የት ያምዎታል ሲልዎት ከረመ። እኔም እንደዚያው። የማያምዎት የት ነው?"

ቸኮልን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ክንዱን አየ፣ ጉልበቱን አየ፤ ከዚያ እጆቹን ገለበጣቸው።

"መዳፌ" አለ ቀስ ብሎ። "መዳፌን አያመኝም።"

የራስ መሸፈኛዋን አውልቃ አንገቷን ደፋችለት። ሁለት መዳፉን ጭንቅላቷ ላይ አሳረፈ። ሊመርቃት አፉን ከፈተ፤ ምርቃቱ ግን አልወጣ አለው።

"ትንሽ ቆዪልኝ" አላት።

ቆየች። ውጭ ከበሮው ይመታል፤ ሠርገኛው ይጠብቃል።

ትርንጎ ሄደች። የቸኮል ሕመም አንዳንዴ ይተኛል፣ አንዳንዴ ይነሳል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ ለስላሳ ልብስ እየለበሰ፣ በደህናው ቀን ኮርቻውን ይሠራል። ልጁን እንደናፈቀ ነው፤ ግን ተጸየፈችኝ ብሎ አያስብም።

ወገኔ፣ በሽታው እንደማይተላለፍ ማወቅ የዘጋነውን በር ያስከፍታል፤ ገብቶ አጠገቡ መቀመጥ ግን የእኛ ፋንታ ነው። ታማሚን ሕመሙን ብቻ እየጠየቅን ሰው መሆኑን እንዳንረሳ። አንተስ፣ አንቺስ፣ ቤታችሁ ያለውን ታማሚ የማያመው የት እንደሆነ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?