ጭቃ የተቀባች ጀልባ

አንድ ጊዜ፣ ጅብና አህያ ገና በጉርብትና በሚኖሩበት ዘመን፣ ባልና ሚስት አህዮች በባሕር ዳር አንዲት ባለ ሸራ ጀልባ ነበረቻቸው። ባልየው ከደሴት ሣር ያመላልስባታል። በየዓመቱ አሸዋ ላይ ያወጧትና የተጣበቀባትን ዛጎል ፍቀው ሆዷን ቀለም ይቀቧታል፤ ያለዚያ እንጨት በል ትል ሰርስሮ ይጨርሳታል።

በዚያ ዓመት ቀበሮ ሁለት ማሰሮ ቀለም ይዛ መጣች። አንዱ ነጭና የሚያብለጨልጭ፣ ሌላው ከዓሣ ስብ፣ ከኖራና ከከሰል የተሠራ፣ ጥቁርና የሚከረፋ ነበር።

«ነጩን ውሰዱ፤ ጀልባችሁ ሙሽራ ትመስላለች» አለች።

«ውሃ ውስጥ ማን ሊያያት ነው?» ብሎ ባልየው ሳቀ። «ትል የሚሸሸው የሚከረፋውን ነው። እሱን ስጪኝ።»

ባልየው ጀርባውን አሞት መጎንበስ አቅቶት ስለነበር ጎረቤታቸው አያ ጅቦ በአንድ ቅርጫት የደረቀ ዓሣ ሊቀባለት ተስማማ። ቀበሮም አቀባቡን ልታሳየው ቀረች። ጅብ አንዴ ይቀባል፣ አንዴ ይልሳል።

«አንተ! ምን እያደረግህ ነው?» አለች ቀበሮ።

«መቅመሴ ነው፣ እሜቴ። ሆዴን ያቃጥለኛል፤ ግን ይጣፍጣል!»

የጀልባዋ ግማሽ ሳይቀባ ማሰሮው ባዶ ሆነ። ጅብ «ወይኔ ዓሣዬ!» ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ።

«ዝም በልና ጥቁር ጭቃ አምጣ» አለች ቀበሮ።

በማግስቱ ሚስትየዋ የጀልባዋን ሆድ አሸተተች። ከፊት ይከረፋል፤ ከኋላ ግን ጭቃ ጭቃ ይላል።

«ምነው?» አላት ባሏ።

ነፋሱ ተነሥቷል፤ በመንደሩ ሣር አልቋል፤ ጎረቤት ማስቀየምም ከበዳት። «ምንም። በሰላም ግባ» አለችው።

«ዛሬ የምትጠብቂው እኔን ነው ወይስ ሣሩን?» ብሎ ቀለደባትና ሸራውን ዘረጋ።

ጭቃው በዚያው ቀን ታጠበ። ትሉ ግን አልቸኮለም። ጀልባዋ ለወራት ሄዳ ተመለሰች፤ ሚስትየዋም «ተሳስቼ ይሆናል» እያለች ዝምታዋን ቀጠለች። አንድ ቀን፣ ባሕሩ ጸጥ ብሎ ሳለ፣ ዳር ቆማ እያየችው ሸራው ዘንበል አለ። ጮኸች። ሸራው ጠፋ። እንስሳቱ ሦስት ቀን ፈለጉ፤ ትል የበሳው ሳንቃ እንጂ ባሏ አልተገኘም።

ቀበሮ ለልቅሶ አልመጣችም። ጅብ ግን መጥቶ ሚስትየዋ እግር ሥር ወደቀ።

«እሜቴ፣ እኔ እኮ ትንሽ ነው የላስኩት...»

«አንተስ የጀልባ ቀለምና ወጥ የማትለይ ሆዳም ነህ፣ አያ ጅቦ» አለችው። «እኔ ግን አሽትቼ አውቄ ነበር።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለምንወደው ሰው የጠረጠርነውን መናገር ያለብን ጀልባው ገና አሸዋ ላይ ሳለ መሆኑን ነው።